ደጋግሞ የሚታመም ሕፃንና የሻጋታ ጠንቅ

በላስታ ደጋ ኅዳርና ታኅሣሥ የአውድማ ወራት ናቸው። ገብሱና ስንዴው ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ በበሬ እግር ከተበራየ በኋላ ገበሬው ነፋስ ጠብቆ በመንሽና በላይዳ ያዘራዋል። ፍሬው ወደ ታች ሲወርድ እብቁና አቧራው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ይዞት እስከ ቤቱ ደጃፍ ይደርሳል። ልጆች በገለባው ላይ ይንከባለላሉ፤ ይስቃሉ፤ ያነጥሳሉ፤ ማታም እብቁን ከራሳቸው አራግፈው፣ እራታቸውን በልተው ይተኛሉ። በማግሥቱም ምንም ሳይሆኑ ይነሣሉ።

ነገር ግን ከብዙ ሺህ ልጆች መካከል ይህ አቧራ ሞት የሚያመጣበት ልጅ ይገኛል። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለ አንድ ቤት እናስብ። ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች ይዞት በጭንቅ ተርፏል፤ ባንገቱ ሥር ንፍፊት ወጥቶበት መግል ይዞ ፈርጧል፤ በመቀመጫው አጠገብ የወጣው እባጭ ዳነ ሲሉት ተመልሶ ያብጣል፤ ሰውነቱም እንደ እኩዮቹ አይጨምርም። አንዲቱ ጎረቤት «ዓይን በልቶት ነው» ትላለች፤ ሌላዪቱ «ጥርሱ ሊወጣ ነው» ትላለች፤ የባል ዘመዶችም ነገሩን በእናቲቱ ላይ ሊጥሉ ይፈልጋሉ። እናቲቱ ጠበል አስጠምቃዋለች፤ ከጤና ጣቢያም መድኃኒት ተቀብላ ሰጥታዋለች። ሕፃኑ ጥቂት ይሻለውና ተመልሶ ይወድቃል። እንግዲህ የዚህ ቤት ሰዎች ማወቅ የሚገባቸው ነገር ምንድር ነው? ይህ ጽሑፍ የሚነጋገረው ስለዚህ ነው። በውስጡ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሻጋታ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?

ሻጋታን የማያውቅ ቤት የለም። በመሶብ ውስጥ የከረመ እንጀራ በላዩ ላይ መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎም አረንጓዴና ጥቁር ሆኖ የሚታየው ጠጕር መሰል ነገር ሻጋታ ነው። ዝናም ባገኘው የገለባ ክምር፣ ሳይደርቅ በጎተራ በገባ እህል፣ በፍግ ጕድጓድና በበሰበሰ የሣር ክዳን ውስጥም ይበቅላል። እርሱም ፈንገስ ከሚባሉት ፍጥረታት ወገን ነው። ፈንገስ ተክልም አይደለም፤ እንስሳም አይደለም፤ በክረምት ከመሬት የሚወጣው እንጉዳይና ሊጡን የሚያቦካው እርሾ የዚሁ ወገን ናቸው። ስለዚህ ከፈንገስ መካከል እንጀራችንን የሚያቦካልን ወዳጅ እንዳለ ሁሉ የሚያበላሽብንም አለ።

የጥንት ሰዎችም ይህን ነገር ያስተውሉት ነበር። ኦሪት ዘሌዋውያን በ14ኛው ምዕራፍ በቤት ግድግዳ ላይ ስለሚወጣ አረንጓዴና ቀይ ምልክት ይናገራል፤ ካህኑ ቤቱን እንዲመረምር፣ የተበላሸው ድንጋይ እንዲወጣና ከከተማ ውጭ እንዲጣል ያዝዛል። በዘመናችን ብዙ ሊቃውንት ይህ ምልክት ሻጋታ እንደ ነበረ ይገምታሉ።

በሳንባ ውስጥ ገብተው ከሚጎዱት ሻጋታዎች ዋናው አስፐርጊለስ ይባላል። ይህን ስም በ1729 ዓ.ም. ያወጣለት ፒየር አንቶኒዮ ሚኬሊ የሚባል በፊሬንዜ ከተማ የነበረ የዕፀዋት መርማሪ ነው፤ እርሱም ካህን ነበረ። ሻጋታውን በማጕሊያ መነጽር ሲመለከተው ቀጭን ዘንግ ሆኖ በራሱ ላይ ክብ ነገር ተሸክሞ፣ ከዚያም ዙሪያውን ዘሩን የሚበትን ሆኖ ስላየው፣ በቤተ ክርስቲያን ምእመናንን ጠበል የሚረጩበት ዕቃ መስሎት በዚያው ዕቃ ስም ጠራው። ጠበል መርጫው በረከትን ይረጫል፤ ይኸኛው ግን የሚረጨው ዘሩን ነው።

የዚህ ሻጋታ ዘር እጅግ ደቃቅ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ከሺህ ቢከፈል የአንዱ ዘር ስፋት ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ብቻ ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ባላት በአንዲት የጤፍ ቅንጣት ላይ አራት መቶ ያህሉ በሰልፍ ሊቆሙ ይችላሉ። ስለዚህ በአፍንጫ ጠጕር ሳይያዝ እስከ ሳንባ ጥግ ይወርዳል። እያንዳንዳችን በያንዳንዱ ቀን ብዙ መቶ ዘሮች ከአየር ጋር እንስባለን። የሻገተ ገለባ በሚነሣበት ቀን ደግሞ ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ይበዛል።

አንባቢ ይህን በሽታ በልጆች ራስና ገላ ላይ ከሚወጣው ከቆረቆርና ከጭርት ጋር እንዳያምታታው ያስፈልጋል። ቆረቆርና ጭርትም ከፈንገስ የሚመጡ ናቸው፤ ነገር ግን በቆዳ ላይ ይቀራሉ፤ ከልጅ ወደ ልጅም ይተላለፋሉ። እኛ የምንነጋገርበት ግን ሥጋን ሰንጥቆ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጕበት፣ ወደ አጥንትና ወደ አንጎል የሚዘልቀው ነው፤ እርሱም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ በዚህ በሽታ የታመመውን ልጅ ከጓደኞቹ መለየት አያስፈልግም።

የሰውነት ዘበኞች

ጤናማ ሰው ይህን ሁሉ ዘር እየሳበ የማይታመመው ሰውነቱ ዘበኞች ስላሉት ነው። ከእነዚህም አንዱ ወገን በደም ውስጥ የሚዘዋወሩት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። የሻጋታ ዘር ወይም የበሽታ ጀርም ሲያገኙ ይከቡታል፤ ይውጡታል፤ ከዋጡትም በኋላ ከኦክሲጅን የሚሠራ የሚያቃጥል መርዝ አዘጋጅተው በሆዳቸው ውስጥ ይገድሉታል።

በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የሚኖሩ ሐኪሞች አንድ የሚያስጨንቅ ነገር ገጠማቸው። በንፍፊትና በሳንባ በሽታ፣ በጕበት ላይ በሚወጣ እባጭም ደጋግመው የሚታመሙ ወንዶች ልጆች ነበሩ። ደማቸው ሲመረመር ግን ምንም አልጐደለም፤ ነጭ የደም ሕዋሳቱም እንዲያውም በዝተው ተገኙ። በ1957 ዓ.ም. በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ጉድና ባልደረቦቹ ሕመሙን ለብቻው የቆመ በሽታ አድርገው ጻፉት፤ ልጆቹ በሕፃንነታቸው ይሞቱ ስለ ነበረም ገዳይ የሕፃናት በሽታ ብለው ጠሩት። ምሥጢሩ የተገለጠው ከ10 ዓመት በኋላ ነው። በ1967 ዓ.ም. በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቢውላ ሆልምስ፣ ፖል ኪዊና ባልደረቦቻቸው የልጆቹን ነጭ ሕዋሳት ከጀርም ጋር አቀላቅለው ሲመለከቱ ሕዋሳቱ ጀርሙን ይውጡታል፤ ነገር ግን መግደል አልቻሉም። ሌባውን ይዞ በቤቱ እንዳስቀመጠ፣ መሣሪያም እንደሌለው ዘበኛ ነበሩ ማለት ነው። ሰውነትም ያልሞተውን ጠላት ለማጠር በዙሪያው እብጠት ይሠራል፤ እባጩና ንፍፊቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ይህን ጕድለት ለማወቅ የተገኘው የመጀመሪያው ምርመራ ቀላል ነበር። ጥቂት ደም ተወስዶ ቢጫ ከሆነ ቀለም ጋር ይቀላቀላል፤ የጤነኛ ሰው ነጭ ሕዋሳት መርዛቸውን ሲሠሩ ቢጫው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ የታመመው ልጅ ሕዋሳት ግን ቢጫ እንደ ሆኑ ይቀራሉ። ዛሬ ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ምርመራ አለ።

ከዚህ ሌላ በዘር የሚመጡ የመከላከያ ጕድለቶች ብዙ ናቸው። በ1966 ዓ.ም. ሦስት አሜሪካውያን ሐኪሞች ሰውነታቸው በእባጭ የተወረረ፣ እባጩ ግን የማይቀላና የማያተኵስ ሁለት ልጃገረዶችን ሲያዩ፣ ጻድቁ ኢዮብ በቍስል መመታቱን አስበው ሕመሙን በኢዮብ ስም ሰየሙት። በዚህ ሕመም የተያዙ ልጆች ሳንባቸው በምች ከተጎዳ በኋላ በውስጡ ባዶ ዋሻ ይቀራል፤ አስፐርጊለስም በዚያ ዋሻ ገብቶ ይሰፍራል። የዘሩ ጕድለት የቱ እንደ ሆነ የታወቀው በ2007 ዓ.ም. ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ሕፃኑ ዘበኛ የሌለው ሆኖ ሲወለድ ነው። ዴቪድ ቬተር የሚባለው የቴክሳስ ልጅ በ1971 ዓ.ም. ተወልዶ በ1984 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ዕድሜውን ሁሉ ማለት ይቻላል ጀርም በማይገባበት የላስቲክ ክፍል ውስጥ ኖሯል። ሐኪሞቹ ገና ሳይወለድ ሊዘጋጁለት የቻሉት ታላቅ ወንድሙ በዚሁ ሕመም በሕፃንነቱ ስለ ሞተ ነበር። ከዚህ የምንማረው በቤተ ሰብ ውስጥ ቀድሞ የሞተ ሕፃን ካለ ታሪኩን ለሐኪም መንገር የሚቀጥለውን ልጅ ሊያተርፍ እንደሚችል ነው።

ዘር ከልጓም ይስባል

ይህ የአባቶች ምሳሌ በዚህ ነገር እውነት ነው። የሰው ሰውነት የሚሠራበት ትእዛዝ ጂን ይባላል፤ ልጅም ከእያንዳንዱ ጂን አንዱን ከአባቱ፣ አንዱን ከእናቱ ይወርሳል። የመከላከያ ጕድለት የሚወረሰው በብዙው በሁለት መንገድ ነው።

አንደኛው መንገድ አባትም እናትም አንድ ዓይነት የተበላሸ ጂን ሳያውቁት ሲሸከሙ ነው። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ደኅና ጂን ይሸፍንላቸዋል። ነገር ግን ከሚወልዱት እያንዳንዱ ልጅ ከአራት አንድ ዕድል ያህል ሁለቱንም የተበላሹ ጂኖች ወርሶ ይታመማል። እንዲህ ያለ አጋጣሚ በዘመዳሞች ጋብቻ ውስጥ ይበዛል፤ ዘመዳሞች ካንድ አያት የመጣውን አንድ ጂን ሊጋሩ ይችላሉና።

በዚህ ረገድ ላስታ ከቀረው የአማራ አገር ጋር የጠበቀው ልማድ የሚያስደንቅ ነው። ሽማግሎች ለጋብቻ ሲላኩ አስቀድመው የሚያደርጉት ዘር መቍጠር ነው፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስም ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። ፍትሐ ነገሥቱም ሊጋቡ የማይገባቸውን ዘመዶች ይዘረዝራል። በሒሳብ ብንመለከተው የሁለት ወንድማማች ልጆች ከጂናቸው ከስምንት አንዱን ይጋራሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ከሠላሳ ሁለት አንዱን፤ ቀጥለው የሚወለዱት ከ128 አንዱን ይጋራሉ። እንዲህ እያለ ከጋራ ቅድመ አያቶች በሁለቱም ወገን ሰባት ትውልድ ሲወርድ የሚጋሩት ከ8192 አንድ ብቻ ይሆናል። አባቶቻችን ስለ ጂን ሳያውቁ የሠሩት አጥር ለልጅ ልጆቻቸው ጤና ተርፏል። የአጎትና የአክስት ልጆች በሚጋቡባቸው አገሮች፣ ለምሳሌ በኢራንና በቱርክ፣ ይህ በሽታ በብዛት በዚህ መንገድ ሲወረስ ይገኛል።

ነገር ግን ሰባት ቤት መቍጠር ሁሉን አይከለክልም። ሁለተኛው መንገድ ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም ላይ ያለ ጂን ሲበላሽ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ ወንድ አንድ ብቻ አለው። ስለዚህ የተበላሸውን ጂን የተሸከመች እናት በሁለተኛው ተጠብቃ ጤነኛ ትኖራለች፤ ወንዶች ልጆችዋ ግን እያንዳንዳቸው ከሁለት አንድ ዕድል ያህል ታመው ይወለዳሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ ከላይ የጠቀስነው በሽታ ካለባቸው ከሦስቱ ሁለቱ ያህል በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው። ይህ ከዘመድ ጋብቻ ጋር ምንም አይገናኝም፤ አንዳንድ ጊዜም ጕድለቱ በቤተ ሰቡ ከዚያ በፊት ሳይኖር በሕፃኑ ይጀምራል። ስለዚህ እናትን «ከአንቺ ዘር መጣ» ብሎ መውቀስ ዕውቀት የለበትም፤ ፍርድም የለበትም። ማንም ሰው ጂኑን መርጦ አልተወለደምና።

ሕመሙ ብዙ አይገኝም። በአሜሪካ ከ200,000 ልደት አንድ ያህል ነው ይባላል። በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉ፤ ያው ልክ ለእኛም ቢሠራ በዓመት ከ15 የማያንሱ ልጆች በዚህ በአንዱ ሕመም ብቻ ይወለዳሉ ማለት ነው። ሌሎቹ የመከላከያ ጕድለቶች ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚህ ያልፋል።

ነቀርሳ የሚመስል በሽታ

ሻጋታ በእንዲህ ያለ ልጅ ሳንባ ውስጥ ሲበቅል ሁልጊዜ በከባድ ትኵሳት አይጀምርም። አንዳንዱ ልጅ ጥቂት ይሳላል፤ ይከሳል፤ ይደክማል። አንዳንዱም በራጅ እስኪታይ ድረስ ምንም ምልክት አያሳይም። በሽታውም ከሳንባ ተነሥቶ ወደ ጎድን አጥንትና ወደ አከርካሪ ሊዘልቅ ይችላል። ሳልና መክሳት፣ በራጅም ላይ የሚታይ ጥላ፣ ባንገት ሥር የሚያብጥ ንፍፊት ሁሉ የሳንባ ነቀርሳን የሚመስሉ ናቸው። ነቀርሳ በአገራችን ብዙ ስለ ሆነ ሐኪሙ መጀመሪያ ስለ ነቀርሳ ማሰቡ ትክክል ነው። ነገር ግን የነቀርሳውን መድኃኒት በሥርዓት የወሰደ ልጅ ካልተሻለው ወላጅ ዝም ማለት የለበትም፤ ተመልሶ «አልተሻለውም» ብሎ መንገር አለበት።

አንድ ሌላ ምልክትም አለ። በአገራችን ሕፃን ሲወለድ የነቀርሳ መከላከያ ክትባት በክንዱ ላይ ይሰጠዋል። ይህ ክትባት የተዳከመ ሕያው ጀርም ያለበት ነው፤ ለጤነኛ ሕፃን ጥቅሙ ትልቅ ስለ ሆነ ማንም ወላጅ ሊያስቀረው አይገባም። ነገር ግን የመከላከያ ጕድለት ባለበት ሕፃን ከተከተበው ክንድ በኩል ያለው ብብት አብጦ ሊመግልና በሽታው ወደ ሰውነት ሁሉ ሊሰራጭ ይችላል። በቤተ ሰቡ በእንዲህ ያለ ሕመም የሞተ ወይም የታወቀ ልጅ ካለ፣ አዲሱ ሕፃን ከመከተቡ በፊት ለጤና ባለሙያው መንገር ይገባል።

ደጋግሞ መታመም ሁሉ ከዘር የመጣ ጕድለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። የምግብ ማነስ፣ የቤት ጭስ፣ ነቀርሳና ኤች.አይ.ቪ. በብዙ ሕፃናት ላይ ይህንኑ ያመጣሉ፤ ምርመራውም ከእነዚህ ይጀምራል። ፈንገስ ዘበኛ ያጣ ሰውነትን እንዴት እንደሚያጠቃ ዓለም በሰፊው የተማረው ከኤች.አይ.ቪ. ነው። በ1981 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ከተማ ኤድስን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስታወቀው በአምስት ወጣቶች ላይ የታየ ኒሞሲስቲስ የሚባል የፈንገስ የሳንባ ምች ነበር። በአገራችንም ኤች.አይ.ቪ. ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን ኮትራይሞክሳዞል የሚባለውን መድኃኒት የሚወስደው ከዚህ የሳንባ ምች እንዲጠበቅ ጭምር ነው። የሕፃኑ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ነጻ ሆኖ ሳለ ሕመሙ ካልተወው ግን «ታዲያ ለምን ይታመማል?» የሚለው ጥያቄ አላለቀም ማለት ነው።

ወላጅ የሚቈጥራቸው ምልክቶች

ሐኪሞች ለወላጆች እንዲታወቁ ከዘረዘሯቸው ምልክቶች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የሳንባ ምች፤
ሁለተኛ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የጆሮ ሕመም፤
ሦስተኛ፣ በቆዳ ሥር ወይም በጕበት ላይ ደጋግሞ የሚወጣ እባጭ፤
አራተኛ፣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት ካለፈ በኋላ በአፉ ውስጥ የማይለቅ ነጭ ሽፋን፤
አምስተኛ፣ መድኃኒት ሁለት ወር ያህል ተወስዶ የማይሻለው ሕመም፤
ስድስተኛ፣ ሕፃኑ በክብደትና በቁመት አለመጨመሩ፤
ሰባተኛ፣ በቤተ ሰቡ ውስጥ በተመሳሳይ ሕመም በሕፃንነቱ የሞተ ወንድም፣ እኅት ወይም አጎት መኖሩ።

ከእነዚህ ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ከተገኙ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ለጤና ጣቢያው በግልጽ መንገር ይገባል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላልና። ሕመሙ የያዘበትን ወር፣ የተሰጠውን መድኃኒት ስምና የራጁን ፊልም በአንድ ከረጢት አድርጎ ማስቀመጥ ትልቅ እርዳታ ነው። ምክንያቱም ከላሊበላ ሆስፒታል በጋሸና በኩል ወደ ወልድያና ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወደ ጎንደር፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚላክ ሕፃን በየደረጃው አዲስ ሐኪም ያገኘዋል፤ ያለፈውን ታሪክ አስተካክላ የምትናገርለትም እናቱ ብቻ ናት። በ2021 ዓ.ም. ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ከነመዝገባቸው በተጎዱ ጊዜ በቤት የተቀመጠች አንዲት ወረቀት ምን ያህል እንደምትጠቅም ብዙ ቤተ ሰብ አይቷል።

ከአፈር የተገኘ መድኃኒት

በ1950 ዓ.ም. ኤልሳቤጥ ሄዘንና ሬቸል ብራውን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያት ሊቃውንት ከእርሻ አፈር ከተገኘ ጥቃቅን ፍጥረት የመጀመሪያዎቹን የፈንገስ መድኃኒቶች አንዱን አገኙ፤ ስሙንም ከሚሠሩበት ከኒው ዮርክ ግዛት ወስደው ኒስታቲን አሉት። ለአፍ ሕመም እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ነገር ግን ከአንጀት ወደ ደም ስለማይገባ በሳንባ ያለውን ሻጋታ አይነካም። ጥቂት ዓመት ቆይቶ በቬኔዝዌላ ከኦሪኖኮ ወንዝ ዳር ከተወሰደ አፈር አምፎቴሪሲን የሚባለው በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ተገኘ። ይህ ብዙ ሕይወት አዳነ፤ ሆኖም ትኵሳትና እንቅጥቅጥ ያመጣል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል።

በ2002 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ቮሪኮናዞል የሚባለውን አዲስ መድኃኒት ከአምፎቴሪሲን ጋር አነጻጸረ፤ በአስፐርጊለስ ከታመሙት፣ አብዛኛዎቹም የደም ካንሰር ካለባቸው ሕሙማን መካከል በ12ኛው ሳምንት በአዲሱ ከ100 ሰው 71 ያህል፣ በቀድሞው 58 ያህል በሕይወት ተገኙ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የነጭ ሕዋስ ጕድለት ያለባቸው 39 ሰዎች ሳይታመሙ በፊት ኢትራኮናዞል የሚባለውን መድኃኒት እየወሰዱ ተጠኑ። መድኃኒቱን በሚወስዱበት ጊዜ በከባድ የፈንገስ በሽታ የተያዘው አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም በሥርዓት ያልወሰደ ነበር፤ መድኃኒት የሌለበት እንክብል በሚወስዱበት ጊዜ ግን ሰባት ተያዙ። ስለዚህ ጕድለቱ የታወቀ ልጅ ከሻጋታው በዚህ፣ ከሌላውም ጀርም አስቀድመን በጠቀስነው በኮትራይሞክሳዞል እየተጠበቀ ሊያድግ ይችላል። ቀድሞ ብዙዎቹ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ዛሬ ግን ሕክምናው ባለበት አገር አብዛኞቹ አድገው ለወግ ለማዕርግ ይበቃሉ።

ፈጽሞ የሚያድነው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ነው። በ1968 ዓ.ም. ከላይ የተጠቀሰው ሮበርት ጉድ ዘበኛ ሳይኖረው ለተወለደ ሕፃን ከእኅቱ የተወሰደ መቅኔ ሰጥቶ አድኖታል። ይህ ሕክምና ብዙ ገንዘብና ልዩ ሆስፒታል የሚጠይቅ ነው። አስቀድሞ ማወቅና በየቀኑ በሚዋጥ መድኃኒት መጠበቅ ግን ለድኻም ቤት የቀረበ መንገድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ትኵረት የሚያሻቸውን 19 የፈንገስ ዓይነቶች ዘርዝሮ አስፐርጊለስን ከአራቱ እጅግ አሳሳቢዎች መካከል አስቀምጦታል።

በቤትና በአውድማ

ጕድለቱ የታወቀበት ወይም የተጠረጠረበት ልጅ ያለው ቤት የሚያደርገው ጥንቃቄ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እህል በሚዘራበትና የገለባ ክምር በሚፈርስበት ቀን ሕፃኑ ከአውድማው ርቆ በነፋሱ አንጻር ይዋል። ፍግ ሲዛቅ፣ አሮጌ የሣር ክዳን ሲወርድ፣ ጎተራ ሲጠረግ በአጠገብ አይኑር፤ ይህን ሥራም አድጎ እንኳ ለሌላ ይተውለት። የሚተኛበት ቦታ ገለባ ያልተጐዘጐዘበትና ከከብት የተለየ ይሁን። ለገና በዓል ወደ ላሊበላ የሚመጡ እንግዶችን የሚያሳድር ቤትም ለእንግዳ የሚነጠፈው ገለባ ሕፃኑ ካለበት ክፍል እንዲርቅ ያድርግ። እህል በደንብ ሳይደርቅ ጎተራ አይግባ። የሻገተ እንጀራ ሻጋታው ተፍቆ ለሕፃን አይሰጥ፤ በፊቱም አይራገፍ።

ጾምን በተመለከተ ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትንና ሕሙማንን አታስገድድም። ይህን መናገር ያስፈለገው የኢትራኮናዞል ካፕሱል ከምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ የሚሠራ ስለ ሆነ ነው። መድኃኒቱን የሚወስድ ልጅ በጾም ወራት ምግቡን ከፍ ዝቅ ቢያደርግ መድኃኒቱ ይደክማል፤ ስለዚህ ወላጆች ነገሩን ከሐኪሙና ከንስሐ አባታቸው ጋር ይመካከሩበት።

ጠበልና መድኃኒትም አንዱ ሌላውን አይከለክልም። በ2007 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ጠበል እንዲጠመቁ በይፋ ተናግረዋል። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪም እንዲከበር፣ መድኃኒትም ከምድር የተፈጠረ መሆኑን ያስተምራል፤ ከወንዝ ዳር አፈር የተገኘውን መድኃኒት ታሪክ ላነበበ ሰው ይህ ቃል እንግዳ አይሆንበትም። ጕዳት የሚመጣው ሕፃኑ ወደ ጠበል በመሄዱ አይደለም፤ በዚያ ሲሰነብት መድኃኒቱ ሲቋረጥ፣ ወደ ሐኪም የሚሄድበትም ጊዜ ሲያልፍ ነው።

በላስታ ለቤተ ሰብ ቅርብ ከሆኑት አማካሪዎች አንዱ የንስሐ አባት ነው። ሕፃኑን ክርስትና ያነሣው፣ ለታናሹም ፍትሐት ያደረሰው እርሱ ስለ ሆነ፣ በአንድ ቤት ስንት ወንዶች ልጆች በተመሳሳይ ሕመም እንደ ሞቱ አንዳንድ ጊዜ ከሐኪሙ ይልቅ የሚያውቀው እርሱ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ያስተዋለ ካህን ለወላጆቹ «ይህን ለሐኪም ንገሩ» ቢላቸው ትልቅ አገልግሎት አገለገለ። ሰባት ቤት የሚቈጥሩት ሽማግሎችም ለጋብቻ ያደረጉትን ቍጥር ለታመመው ልጅ ቢያደርጉት፣ በእናት ወገን በሕፃንነታቸው የሞቱትን አጎቶች ስም አንድ በአንድ ሊያስታውሱ ይችላሉ፤ ሐኪሙ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ወዳሰብነው ቤት እንመለስ። የሚቀጥለው ኅዳር ሲመጣ ነፋሱ እብቁን ይዞ ወደ ደጃፉ መምጣቱ አይቀርም። ሕፃኑ ግን በዚያ ቀን ከአክስቱ ቤት ይውላል፤ ወረቀቶቹና ራጁ በከረጢት ተሰብስበው በግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ ወደ ወልድያ የሚሄድበት ቀን ተቈርጧል፤ እናቲቱንም የሚወቅስ የለም። መድኃኒቱ ገና አልተጀመረም፤ ነገር ግን የሚፈልጉት ምን እንደ ሆነ አውቀዋል።